የቀረበ ሁሉ አይበላም

እኔ ሥራዬ «ብሉ፣ ብሉ» ማለት ነው። ዛሬ ግን ስላለመብላት ላጫውታችሁ።

ባለፈው እሁድ አንድ የአስር ዓመት ልጅ ከቼዝ ውድድር መልስ ከአባቱ ጋር ዳንፎርዝ ወዳለው ምግብ ቤቴ ገባ። አባትየው ተቆጥቷል፣ ልጁ አኩርፏል። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ቼዝ አልጫወትም» አለኝ። ጨዋታውን የጻፈበትን ወረቀት ተቀብዬ ቦርዱን ዘረጋን።

ጥቁር ነበር። ሁለቱም የንጉሣቸውን ወታደር ወደ መሃል ገፉ። ነጩ ፈረሱን ኤፍ3፣ ቢሾፑን ሲ4 አወጣ፤ የኛው ልጅ ፈረሶቹን ሲ6 እና ኤፍ6 ላይ አቆመ። የነጩ ፈረስ ጂ5 ዘሎ ከቢሾፑ ጋር ኤፍ7ን አነጣጠረ። ልጁ ወታደሩን ዲ5 ገፍቶ ቢሾፑን ጋረደው፤ እስከዚህ ጎበዝ! ነጩ ያንን ወታደር በላ። ልጁም ሳያስብ በፈረሱ መልሶ በላ። ያኔ የነጩ ፈረስ ኤፍ7 ገብቶ ራሱን ሠዋ። ንጉሡ ሲበላው ንግሥቲቱ ኤፍ3 ወጥታ «ቼክ» አለች፤ ዲ5 ያለውንም ፈረስ አስፈራራች። ፈረሱን ለማዳን ንጉሡ ኢ6 ላይ ራቁቱን መቆም አለበት።

የዚህ አጀማመር ስም «የተጠበሰ ጉበት» ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወታደሩን መልሶ አለመብላት! ሲ6 ያለውን ፈረስ ኤ5 ወስዶ ቢሾፑን ማባረር። አንድ ወታደር ይጎድላል፣ ነገር ግን ንጉሡ ቤቱ ይቀመጣል፤ ጥቁርም ቶሎ ቶሎ ሠራዊቱን ያወጣል።

የኛም አያቶች በሰንጠረዥ ይህን ያውቁ ነበር። ሲጀምሩ ተራ አይጠባበቁም፤ ሁለቱም ባንዴ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚበላ አይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ።

አባትየው ቼዝ አያውቅም። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «እስቲ ለኔም አሳየኝ፣ የቱ ጋ ነው የተበላኸው?» አለው። ልጁ ድንጋዮቹን እንደገና ደረደረ። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ማንም አላስተዋለም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተሸንፎ ሲመጣ «ለምን ተሸነፍክ?» ከማለታችሁ በፊት «አሳየኝ» በሉት። እናንተ ልጆች ደሞ፣ ሰው የሚበላ ነገር ሲያቀርብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡና አንዴ እዩ። እኔ ቤት ሲሆን ግን ዝም ብላችሁ ብሉ!