የብድር ጣሪያና የሠርቶ አደሩ የሥራ ጥያቄ

በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዘውን የጭነት መኪና ያስተዋለ ሰው የገንዘብን እንቅስቃሴ በዓይኑ ያያል። ነጋዴው ብድር ሲያገኝ ዕቃ ይጭናል፤ ብድር ሲጠብ ግን መኪናው ይቆማል፣ የጫኝና አውራጁም፣ የጎሚስታውም፣ በመንገድ ዳር ሻይ አፍልታ የምትሸጠው እናትም ገቢ ይደርቃል። ስለዚህ የገንዘብ ፖሊሲ የሚባለው የባንክ ባለሙያዎች ብቻ የሚመክሩበት ምሥጢር ሳይሆን የእያንዳንዱ ቀበሌ ነዋሪ ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ዓላማው የዋጋ ንረትን መግታት ነበር፤ ይህም ትክክል ነው። የዋጋ ንረት ባለ መጋዘኑን ሲያበለጽግ የወር ደመወዝ ጠባቂውን ሠራተኛ ከመሶቡ ይቀማዋል።

ዳሩ ግን የሚያበድረው ገንዘብ የተወሰነበት ባንክ አስቀድሞ የሚያስተናግደው ሕንፃ የሚያስይዘውን ነባር ደንበኛውን ነው። በደብረ ሲና የእንጨት ሥራ ከፍቶ ሦስት ወጣቶችን ለመቅጠር ያሰበ ሰው ተራው ሳይደርሰው ዓመቱ ያልቃል። ሦስቱ ወጣቶች ከሥራ አልተባረሩም፤ ከመጀመሪያውም አልተቀጠሩም። በመሆኑም በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈሩም። እርግጥ በዚያው ክረምት በክልሉ የተባባሰው ግጭት መንገዱንም ገበያውንም ጎድቷልና ጥፋቱን ሁሉ በባንክ ላይ መከመር ሐቅን ማዛባት ይሆናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመርሕ ደረጃ ይህ ላኪውን ያበረታታል፣ ላኪውም ሠራተኛ ይቀጥራል። በተጨባጭ ግን ፋብሪካው ከውጭ ለሚያስመጣው ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ እጥፍ የሚጠጋ ብር ሲያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ብድሩ በጣሪያው እንደታሰረ ነበር። ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። የተጨመረው ለማን ደረሰ?

ጥያቄው መነሣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ከብትና ሰብል ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። የአናጢው መላጊያ ማሽንና የደገኛው በግ በሕግ ፊት ዋስትና ሆነዋል ማለት ነው። የቀበሌ ማኅበራት ወደ አካባቢያቸው የባንክ ቅርንጫፍ ሄደው ባለፈው ዓመት በዚህ አዋጅ መሠረት ስንት ሰው እንደተበደረ፣ ስንት ሠራተኛም እንደተቀጠረበት በጽሑፍ ይጠይቁ።