ስሟ ይለጠፍ፤ ገበናዋ ግን አይለጠፍ!

ከደሴ ተነስቶ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው አቀስታን ያውቃታል። ብርዷን፣ ገብሷን፣ በጓን ያውቃል። የበልግ ዝናብ የቀረ ዕለት ያ ደጋ ምን እንደሚመስልም ያውቃል። «ሴፍቲኔት» የሚባለው የፈረንጅ ቃል ባልቴቷም ሕፃኑም አፍ ውስጥ እንደ አማርኛ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዛሬ የማነሳው ከዚያው ደጋ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቀበሌ ያየሁትን ነው። ስሙን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ነገሩ የአንድ ቀበሌ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው።

በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተከፋዮች ዝርዝር ተለጥፏል። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር እያለ ይሄድና ዳር ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ሥር የሰው ገበና ተዘርግፏል፦ «ነፍሰ ጡር»፣ «የአእምሮ ሕመም»፣ «ሥር የሰደደ በሽታ»። ጎረምሶች በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል። ፊደል ያልቆጠሩት ደግሞ የተማሪ ልጅ አቁመው ያስነብባሉ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት የሴት ልጃቸውን ስም ሲሰሙ ደስ አላቸው። ልጁ ቀጠለና «ነፍሰ ጡር» ብሎ አነበበ። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ያረቢ! እኔ እናቷ ያልሰማሁትን ግድግዳው ሰማ!»

«እማማ፣ ለምን ለቀበሌው አይነግሩም?» አልኳቸው።

«ለማን ልንገር ልጄ? የጻፈው እሱ፣ የለጠፈው እሱ፣ የሚከፍለው እሱ!»

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። የገጠሩ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ በገንዘብ ወይም በእህል ይከፈለዋል። አቅመ ደካማው ደግሞ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በ2007 በወጣው አሠራር መሠረት ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ እንደተረጋገጠ ከአካፋና ከዶማ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። የተጎዳ ሕፃን የምታስታምም እናትም እንዲሁ። መልካም አሳብ ነው! ይህን የሚነቅፍ የለም። ግን አስቡት፦ ይኸው ደግነት ለቀበሌ ጸሐፊ የሴትን ማኅፀን ምስጢር አስረክቦታል። ከዚያ ወዲያ ያለው በጸሐፊው ጨዋነት የሚተማመን ነገር ሆነ።

«ታዲያ ዝርዝሩ አይለጠፍ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፣ አላልኩም! የፕሮግራሙ መመሪያ ራሱ የተመረጡት ሰዎች ስም በአደባባይ ታይቶ ሕዝብ እንዲተችበት ያዛል። እኔም እደግፈዋለሁ። ዝርዝሩ በመሳቢያ ውስጥ ከተቆለፈ የሊቀመንበሩ አጎት ልጅ በሬዎቹን እየነዳ ገብቶ ከድሃዋ ቀድሞ እንደሚከፈለው ማን ያጣዋል? ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ሪፖርት ተቃዋሚን የደገፉ ገበሬዎች ከሴፍቲኔትና ከማዳበሪያ እንደተከለከሉ መናገራቸውን ጽፏል። መንግሥት አስተባብሏል። እውነቱን የሚለየው ግን አደባባይ የወጣ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ስሟ ይለጠፍ። ጎጧ ይለጠፍ። የሚደርሳት መጠንም ይለጠፍ። ነገር ግን ስልኳ፣ የመታወቂያ ቁጥሯና ሕመሟ ለአድሎ መቆጣጠሪያ ምን ይጠቅማል? ማንን ተጠያቂ ያደርጋል? ማንንም! ተመልካቹ መቆጣጠር ያለበት ባለሥልጣኑን ነው እንጂ የድሃዋን ሆድ አይደለም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ሕንድ እንደኛው ለድሃ ገበሬ የቀን ሥራ እየሰጠች የምትከፍልበት ትልቅ ፕሮግራም አላት። ለግልጽነት ተብሎ የተከፋዮቹ ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ይወጣ ነበር። በ2009 (በፈረንጆች 2017) አንድ የሕንድ የጥናት ማዕከል አራት የመንግሥት ድረ ገጾችን ፈትሾ ወደ 130 ሚሊዮን የሚጠጋ የዜጎች የአዳር መታወቂያ ቁጥር፣ ወደ 100 ሚሊዮን ከሚደርስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ለማንም ተጋልጦ እንዳገኘ አሳወቀ። ሌባ ሰብሮ የገባበት አልነበረም። ራሱ መንግሥት ነው አደባባይ ያሰጣው! ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ «ሁዱማ ናምባ» የሚባለውን መታወቂያ በ2014 ጥቅምት ፍርድ ቤቷ ሕገ ወጥ ብሎታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሰዎች የግል መረጃ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ ሳይገመገም ስለተጀመረ።

ወሎ ደግሞ ስለ ዝርዝር ጉዳይ ከማንም በላይ ታስታውሳለች። በ1977 ረሃብ እህል ፍለጋ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል እየታፈሰ በመኪና ተጭኖ ወደማያውቀው አገር ለሰፈራ የተላከ እንዳለ በታሪክ ተመዝግቧል። በዚያ የሰፈራ ዘመቻ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ 600 ሺህ ሕዝብ ነው የተጋዘው። ለስንዴ ብሎ የቀረበ ሰው ለሌላ ነገር ተቆጠረ። ስለዚህ አንድ የወሎ ሽማግሌ ስሙን ሲጠየቅ «ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አላዋቂ ሆኖ አይደለም። አውቆ ነው!

ከነሐሴ 2015 ወዲህ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ሲማቅቅ ኖሯል። በዚህ ላይ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ዛሬ በማን እጅ፣ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ዋስ ይሆናል? ማን ገንዘብ እንደተቀበለ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ የሚነግር ወረቀት በታጣቂ ኪስ ሲገባ ዝርዝር መሆኑ ይቀርና የፍርድ ወረቀት ይሆናል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ፣ የጤናና የአሻራ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ እንደሚያሻው ተደንግጎ፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆኗል። አዋጁ አዲስ አበባ ላይ ያምራል። ቀበሌው ግድግዳ ላይ ግን የደረሰው ሙጫው ብቻ ነው!

የከተማ አንባቢዬ «የገጠር ጣጣ ነው» ብለህ ገጹን እንዳትገለብጥ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 አዲስ አበባንና ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሮ የአንተም ጎረቤት በወረዳ ዝርዝር ገብታለች። ፋይዳ የሚባለውም መታወቂያ አሥሩን ጣትህን፣ ሁለቱን ዓይንህንና ፊትህን ወስዷል፤ ወይም ነገ ይወስዳል። ቁጥሩ ጥቅም የለውም አልልም፤ ሁለቴ የሚበላውን ይለያል። ግን የተሰረቀ የባንክ ሒሳብ ይዘጋል፤ የተሰረቀ አሻራ በምን ይለወጣል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ገንዘብም አይፈጅም። አንደኛ፣ የሚለጠፈው ስም፣ ጎጥና መጠን ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የጤና ምክንያት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ አይውጣ፤ ለቀበሌው «ድጋፍ ይገባታል» የሚል ቃል ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ አሻራና ስልክ ሲወሰድ ለምን እንደሆነና ማን እንደሚያየው ማንበብ ለማይችለው በቃል ይነገረው። አራተኛ፣ ቅሬታ ሰሚው ዝርዝሩን የጻፈው ሰው አይሁን።

ባለሥልጣኑም ከቢሮው ወጥቶ አንድ ቀን የቀበሌ ግድግዳ ያንብብ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አንዴ የተለጠፈ ገበና ተመልሶ አይገባም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን አሁኑኑ ይነቀል።

ድሃ የሚቀበለው ትንሽ ብር ነው። ለዚያች ብር ሲል ክብሩን አብሮ እንዲሸጥ የፈረደበት ማን ነው?