የሺህ ዓመቱ ኪራይ

በቦስተን ከተማ የኦሬንጅ ላይን ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ ፎረስት ሂልስ ይባላል። ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ የተራመደ ሰው አንድ በር ያገኛል። ቲኬት ቆራጭ የለበትም፣ መታወቂያ የሚጠይቅም የለበትም። ይሁንና በዚህ በር ፊት ለፊት ለዓመታት በአውቶቡስ ወደ ሥራ ሲመላለሱ የኖሩ፣ አንድም ቀን ግን ወደ ውስጥ ዘልቀው የማያውቁ የአገር ልጆች ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱን ሲጠየቁ መልሳቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ «የሐርቫርድ ግቢ መስሎኝ» ይላል። ሌላው «ያስከፍላል ብዬ» ይላል። «ዛፍ ለማየት ደግሞ ምን አስኬደኝ፤ ዛፍ አገሬ ጠግቤ መጣሁ» የሚልም አይጠፋም።

የመጀመሪያው መልስ ግማሽ እውነት አለው። ቦታው አርኖልድ አርቦሬተም ይባላል። አርቦሬተም ማለት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ለጥናትም ለዕይታም በየዘራቸው ተተክለው የሚጠበቁበት የአትክልት ስፍራ ነው። የሚያስተዳድረውም ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። አብዛኛው መሬት ግን የቦስተን ከተማ ንብረት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተከራይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዓሣ ነባሪ አደን ንግድ የበለጸገ ጄምስ አርኖልድ የሚባል የኒው ቤድፎርድ ነጋዴ ነበር። በ1868 ሲሞት ከሀብቱ ከፊሉ ለእርሻና ለአትክልት ልማት እንዲውል ተናዞ ነበር። አደራ ተቀባዮቹ በ1872 ከሐርቫርድ ጋር ተስማሙና ገንዘቡ ለዛፍ ተክል እንዲውል ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቤንጃሚን በሲ ከሚባል ሌላ ባለጸጋ በኑዛዜ ያገኘው ሰፊ የእርሻ መሬት ነበረው። በ1873 ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ቻርልስ ስፕራግ ሳርጀንት ሲረከበው ግን መሬቱ ከብት የጋጠው፣ የደከመ እርሻ ነበር። የተናዘዘው ገንዘብም ዛፍ ተክሎ፣ መንገድ ሠርቶ፣ አጥር አጥሮ፣ ዘበኛ ቀጥሮ የሚያዘልቅ አልነበረም።

ሳርጀንት ያኔ የተጠቀመበት ዘዴ እስከ ዛሬ ይደነቃል። የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ የሆነውን ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድን ይዞ የከተማውን ሹማምንት ይጎተጉት ጀመር። መሬቱን ከተማው ይውሰድ፣ መንገዱንና ጥበቃውን ከተማው ይቻል፤ ዛፉን የሚተክለውና የሚንከባከበው ዩኒቨርሲቲው ይሁን፤ ሕዝቡም እንደ ማንኛውም የከተማ መናፈሻ በነጻ ይግባ የሚል ነበር ሐሳቡ። ለማሳመን ዓመታት ፈጀበት። በመጨረሻ በ1882 ውሉ ተፈረመ። ከተማው መሬቱን ለሐርቫርድ ለአንድ ሺህ ዓመት አከራየ። ኪራዩ በዓመት አንድ ዶላር ነው። ውሉ የሚያልቀው በ2882 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ለሌላ አንድ ሺህ ዓመት ሊታደስ እንደሚችል ተጽፏል። የቦስተንን የቤት ኪራይ ለሚያውቅ፣ በየመስከረሙ አከራዩ ጭማሪ ይዞ ለሚመጣበት ሰው ይህ ውል ተረት ይመስላል። ግን ተረት አይደለም፤ በሥራ ላይ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ነው።

እንግዲህ በሩ ክፍት የሆነው በዩኒቨርሲቲው ቸርነት ብቻ አይደለም። ታክስ እየከፈለ በከተማው የሚኖር ሁሉ በውሉ ውስጥ ድርሻ አለው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳውም፣ ሆስፒታል አልጋ የምታነጥፈውም ባለድርሻ ናቸው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባም የዚህ ዓይነት ጋብቻ አላት። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ነው ያቋቋሙት፤ ስፋቱም ከ700 ሄክታር በላይ ነው። አርኖልድ 281 ኤከር ወይም 114 ሄክታር ግድም ነው፤ በአገር ቤት መለኪያ ሦስት ጋሻ ቢጎድል ጥቂት ነው።

«ዛፍ ጠግቤ መጣሁ» ለሚለው ሰው የሚሰጠው መልስ ከዛፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በየግንዱና በየቅርንጫፉ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ተራ ጎብኚ አይቶ ያልፈዋል፤ ቆም ብሎ ማንበብ ግን ይበጃል። ሰሌዳው ላይ የዛፉ ስም፣ ቤተሰቡ፣ ከየት አገር እንደመጣና መለያ ቁጥሩ ተቀርጿል። ቁጥሩ ዛፉ በመዝገብ የገባበትን ዓመትም ይይዛል። ለምሳሌ ከሰረዝ በኋላ 48 የሚል ካለ በ1948 ገባ ማለት ነው። ቢሮው ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ዛፍ ፋይል አለ፦ ማን አመጣው፣ ከየትኛው ተራራ፣ በዘር ነው በችግኝ፣ ታሞ ነበር ወይ፣ መቼ ሞተ። ከ15 ሺህ በላይ ተክል እንዲህ ተመዝግቦ ይኖራል። የኢሚግሬሽን ፋይል ያለው ሰው ይህ አሠራር አይገርመውም።

ከፋይሎቹ ጀርባ የሰው ድካም አለ። ኧርነስት ዊልሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ለዚህ ቦታ ዘር ፍለጋ የቻይናን ተራሮች ሲያስስ በ1910 ከገደል የተንከባለለ ድንጋይ እግሩን ሰብሮት እስከ ዕለተ ሞቱ እያነከሰ ኖረ። በ1940ዎቹ ደግሞ የሳይንስ ሰዎች በድንጋይ ላይ ከቀረ አሻራው በስተቀር የማያውቁት፣ ከምድር ጠፋ የተባለ ዛፍ ቻይና ውስጥ በሕይወት ተገኘ። አርኖልድ 250 ዶላር ልኮ ዘሩን አስለቀመ። በ1948 የደረሰው ያ ዘር ዛሬ ትልልቅ ዛፍ ሆኖ ቆሟል፤ ፈረንጆቹ ዶውን ሬድዉድ ይሉታል። ጥድ ይመስላል፤ በመጸው ግን ቅጠሉን ያራግፋል።

ለሀበሻ ጎብኚ የሚጥመው ግን ሰሌዳው ላይ ቤተሰቡ የተጻፈበት መስመር ነው። ቦታው ገላጣ፣ ክረምቱም የቦስተን ክረምት ስለሆነ የአገር ቤት ዛፍ አይበቅልበትም። ቡና የለም፣ እንሰት የለም፣ ዋንዛ የለም። ዘመዶቻቸው ግን ሞልተዋል። በግንቦት የሚያብበው ሐምራዊው ሊላክ ከወይራ ቤተሰብ ነው፤ ያ ለእንስራና ለወተት ዕቃ የሚታጠነው ወይራ የሥጋ ዘመዱ ነው። ኮሶ ደግሞ፣ ለብዙ ሰው ባያስደስትም፣ ከጽጌረዳና ከፖም ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በጸደይ ነጭና ሮዝ የሚለብሱትን የፖም ዛፎች አይቶ ያን መራራ ነገር ማሰብ ይከብዳል፤ ዕፅዋት አጥኚዎች ግን አበባውን ቆጥረው የደረሱበት ነው። ጌሾም ዘመድ አለው። በክቶርን የሚሉት ቁጥቋጦ ከጌሾ ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ በማሳቹሴትስ ጫካውን ስለወረረ ማስገባቱና መሸጡ በሕግ ተከልክሏል። ጠላ ለመጥመቅ የሚያስብ ካለ ግን ይቅርበት፤ የዚህኛው ፍሬና ልጥ ሆድ የሚያስቀምጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ፈልጎ ማየት የሚገባው ግን አርዘ ሊባኖስ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ስሙን ከዳዊቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ የተሠራበት ዛፍ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ ቢባልም ከአገር ቤቱ ዝግባ ጋር ዘር አይጋሩም። ስንቱ ስሙን እየጠራ መልኩን ሳያይ ኖሯል! እዚህ ቆሞ ይታያል። በፊት በኒው ኢንግላንድ የተተከለው ሁሉ በብርድ ይሞት ነበር። ሳርጀንት ዛፉን ሳይሆን ዘሩ የተለቀመበትን ቦታ ለወጠ። በ1902 በቱርክ አገር ከታውሮስ ተራራ፣ ዛፉ በረዶ ለምዶ ካደገበት ከፍታ፣ ዘር አስመጣ። ያ ዘር የቦስተንን ክረምት ቻለው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ሁሉ በሚገባ ሊያስተውሉ የሚችሉት ብዙ ጊዜ ቤት የሚቀሩት ናቸው። ልጅ ለመጠየቅ ወይም የልጅ ልጅ ለመያዝ በስድስት ወር ፈቃድ የሚመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጆቻቸው ሁለት ሥራ ስለሚሠሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተደግፈው መኪና ሲቆጥሩ ይውላሉ። አገር ቤት ሳሉ የግራዋን ጥቅም፣ የእንዶድን ዓይነት፣ የትኛው እንጨት እንደማያጨስ የሚጠየቁት እነሱ ነበሩ። እዚህ የሚጠይቃቸው የለም። ፈቃዳቸው አልቆ ሲመለሱ ያዩት አሜሪካ ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያና አንድ የገበያ አዳራሽ ብቻ የሆነባቸው ብዙ ናቸው።

እንዲህ ያሉ አንዲት እናት ባለፈው መጸው ልጃቸውና የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ይዘዋቸው ወደዚህ መጡ። ግማሹን መንገድ ዝም ብለው ነበር የተጓዙት። ጥዶቹ ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው መሬት ከወደቀው አነሱ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«እማዬ፣ እዚህ ግቢ ቅጠል አይቆረጥም እኮ» አለች ልጅየዋ ዙሪያዋን እያየች።

«አልቆረጥኩም ልጄ፤ የወደቀ ነው» አሉና ለትንሹ ልጅ አፍንጫ አስጠጉለት። «ጥድ ነው። የኛው ጥድ የአክስት ልጅ።»

ልጁ ሰሌዳውን በእንግሊዝኛ አነበበላቸው። እሳቸው የአማርኛውን ነገሩት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር መቆም ሆነ፤ ልጁ ያነባል፣ አያት ይመልሳሉ፣ የማያውቁትን «ይሄ የነሱው ነው» ብለው ያልፉታል። እናትየው ልጇ ይህን ያህል አማርኛ በአንድ ቀን ሲናገር ሰምታ እንደማታውቅ ኋላ ተናግራለች። ያነሱትን ቅርንጫፍ ግን ከበሩ ሳይወጡ መሬት መልሰውታል። የወደቀም ቢሆን መውሰድ አይፈቀድም፤ ቅጠሉም ዘሩም የፋይሉ አካል ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ጥቂት ነገር ይወቅ። ግቢው ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ክፍት ነው። ዋናዎቹ መንገዶች የተነጠፉና መኪና የማይነዳባቸው ስለሆኑ ለሽማግሌም ለሕፃን ጋሪም ይመቻሉ። ፒተርስ ሂል የሚባለው ኮረብታ ግን ዳገት ነው፤ ጉልበት ያለው ወጥቶ የቦስተንን ሕንፃዎች ከሩቅ ይያቸው። ሣር ውስጥ የገባ ሰው ቤቱ ሲመለስ እግሩን ይፈትሽ፤ በዚህ አገር መዥገር በሽታ ታስተላልፋለች። ሐናዌል የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ካርታ ይሰጣል፤ አርዘ ሊባኖስ የት እንዳለ እዚያው ይጠየቃል። ከጃፓን የመጡትን ትናንሽ የሳህን ዛፎችም ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። አንደኛው እድሜው ከ1737 ይቆጠራል፤ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው እቴጌ ምንትዋብ አገር በሚያስተዳድሩበት ዘመን ማለት ነው። ቁመቱ ግን ከአንድ ሕፃን ብዙም አይበልጥም። በክረምት ከብርድ ስለሚሸሸጉ ሞቅ ሲል መሄድ ያስፈልጋል።

ምግብ ዘርግቶ መብላት በግቢው የተለመደ አይደለም፤ ይህ ለሀበሻ ከባድ ደንብ መሆኑ ግልጽ ነው። ከ1908 ጀምሮ ስሙ የሚነሳው የሊላክ እሑድ ግን ከጥንት ጀምሮ ለዚህ የተፈቀደ ቀን ነው። የሚውለውም በግንቦት ሁለተኛው የፈረንጅ እሑድ፣ የእናቶች ቀን በሚከበርበት ዕለት ነው። አገልግል ይዞ፣ እናትን ይዞ መሄድ ነው። የዚያን ቀን መኪና ማቆሚያ ማግኘት ስለማይታሰብ ባቡሩ ይሻላል። እሑድ ሥራ የሚገባ ሰውም ቢሆን አይዘን፤ ሊላኩ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፣ አንዱ ሲረግፍ ሌላው እያበበ ሳምንታት ይቆያል። ሰኞ ጠዋት ሰው የለበትም፤ ሽታው ግን እንዳለ ነው።