ፓስታው የማን ነው?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በቀበና በኩል ወደ የካ ለሚሻገር ሰው መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። በአንድ ወገን የኤምባሲዎች ረጅም አጥር፣ በሌላው ወገን የተጠጋጋ የቆርቆሮ ቤት፣ ከሁሉ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን በዚሁ መንገድ ወጣን። ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን አስረክቦ ስለ ነበር፣ በእንጦጦ ግርጌ በፓስታው ስሙ የተነሣ አንድ የኢጣልያ ምግብ ቤት ወስደን ልንጋብዘው ገንዘብ አዋጥተናል።

ይህን የምንጽፈው ምግቡን ለመንቀፍ አይደለም። ፓስታው እዚያው በእንቁላል ታሽቶ፣ በእጅ ተዳምጦ የተሠራ ነው፤ ጥርስ ላይ ይጸናል እንጂ አይሟሟም። ስጎውም በቀስታ እሳት ብዙ ሰዓት የቆየ መሆኑ ያስታውቃል። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ምግብ ከዚህ በፊት ቀምሰን አናውቅም። ዝም ያልነው ሒሳቡ ሲመጣ ነው። የአንዱ ሰሃን ዋጋ 950 ብር ነው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይመድብ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ መደረጉን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚህ በአዲሱ ሒሳብ እንኳ ብንሄድ አንድ ሰሃን ፓስታ የአንድ ተማሪ የዘጠኝ ቀን ተኩል ቁርስ፣ ምሳና እራት ነው ማለት ነው።

ከዋጋው ይልቅ የነካን ግን ያስተናገደን ወጣት ነው። መታወቂያችንን አንገታችን ላይ አይቶ ፈገግ አለና፣ «ካፌው እንዴት ነው? ማካሮኒው አሁንም በማንኪያ ይቆረጣል?» ሲል ጠየቀን። ለካስ ከእኛው ግቢ በኬሚስትሪ ተመርቆ የወጣ ነው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ሲያጣ እዚህ ገባ። ጉርሻ ብንሰጠው፣ «ከካፌ ልጅ አልቀበልም» ብሎ መለሰልን።

ቁልቁል ስንመለስ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የወራሪ ምግብ ፍለጋ ምን አስኬደን?» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ይህ ሥልጣኔ ነው፤ የተማርነው እዚያ ለመድረስ አይደለምን?» ሲል መለሰ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም አንድ ነው። አንዱ ፓስታው የኢጣልያ ነው ብሎ ሸሸው፤ ሌላው ፓስታው የኢጣልያ ነው ብሎ ሰገደለት።

የፊተኛው ጓደኛችን ቁጣ ያለ ምክንያት አይደለም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን የሰበሰበው ዛሬ ትምህርት በምንማርበት በገነተ ልዑል ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የጣሉትም፣ ከዚያ በኋላ በከተማው ሦስት ቀን ሙሉ የፈሰሰው ደም የጀመረውም እዚሁ ነው። የፋሺስት መንግሥት ከተማውን እንኳ በቆዳ ቀለም ከፍሎ፣ ፒያሳን ለነጭ፣ መርካቶን ለአገሬው ብሎ ነበር። ያን ዘመን መርሳት ነውር ነው።

ነገር ግን ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ ድስቱ እዚህ ቀረ። ከቀሩት ኢጣልያኖች አንዳንዶቹ፣ ፒያሳ ላይ ምግብ ቤት እንደ ከፈተው እንደ ካስቴሊ፣ በሙያቸው ኖሩ። አብዛኛውን ሥራ የሠራው ግን በየኩሽናው ሙያውን ተምሮ ወደ ቤቱና ወደ ሰፈሩ የወሰደው ኢትዮጵያዊ ነው። ዛሬ ረቡዕና ዓርብ ፓስታ በአትክልት የማይበላበት ሰፈር የት አለ? በርበሬ የጨመረበት፣ በእንጀራ ጠቅልሎ የጎረሰው ማን ነው? ከዚህም አልፎ ለፓስታ የሚሆነው ዱረም ስንዴ በአገራችን እርሻ ከጥንት የኖረ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በስንዴያችን ዓይነት ብዛት ተደንቆ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል ቆጥሯታል። እንግዲህ ስንዴው የእኛ፣ የሚያበስለው እጅ የእኛ ከሆነ፣ ምግቡን ለወራሪ መልሶ መስጠት ለምን አስፈለገ?

ሥልጣኔ ነው ላለው ጓደኛችንም መልስ አለን። እኛ በተቀመጥንበት መስኮት በታች አንዲት እናት ከእንጦጦ የለቀመችውን ጭራሮ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ከተማ ትወርድ ነበር። የተጠበሰውን የሽንኩርት ሽታ እሷም እንደ እኛ አሽትታው ይሆናል። ሥልጣኔ ማለት ከመስኮቱ ውስጥ መቀመጥ ብቻ ከሆነ፣ እሱን ኢጣልያ አላስተማረንም፤ ቀድሞም ነበረን። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም በከበረች ጊዜ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ በዚሁ ተራራ ላይ ያደረጉት ታላቅ ግብር እስከ ዛሬ ይነገራል። ግብር ግን ማን ቀድሞ፣ ማን ኋላ፣ ማን ከምን እንደሚበላ በማዕረግ የተወሰነበት ገበታ ነበር። ዛሬ ማዕረጉ በብር ተተካ እንጂ ወንበሩ ያው ነው።

ምግብ ቤቱ ይዘጋ አንልም። ባለቤቱ ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል፤ ምግቡንም በክብር ይሠራል። የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። የምንማረው ከዚያ ገበታ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ለመዛወር ብቻ ነውን? በኬሚስትሪ የተመረቀው ወንድማችን ሰሃን ተሸክሞ ቆሟል፤ እኛ ያዋጣነውን ገንዘብ ቆጥረን ተቀምጠናል። በመካከላችን ያለው ልዩነት የአንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛው ለማኅበራችን ነው። የካፌው ማካሮኒ በማንኪያ የሚቆረጠው ድኾች ስለ ሆንን ብቻ አይደለም። ፓስታ በብዙ የፈላ ውኃ፣ በጨው፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተቀቅሎ ወዲያው መውጣት ያለበት ምግብ ነው። በትንሽ ውኃ ከተጨናነቀ፣ በጧት ተቀቅሎ እስከ ምሳ በድስት ከተቀመጠ ግን ሙጫ ይሆናል። በተራ በተራ ለመቀቀል የሚጠይቀው ሥርዓትና ጥንቃቄ ነው። የማኅበሩ ተወካዮች ከካፌው ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበት። ሠራተኞቹን ለመውቀስ ሳይሆን ስንት ሰው፣ በስንት ድስት፣ ለስንት ሺህ ተማሪ እንደሚያበስሉ ለመስማት ይሁን።

ሁለተኛው ለራሳችን ነው። የፓስታ ፋብሪካዎቻችን ለብዙ ዓመታት ስንዴ ከውጭ ሲያስመጡ ኖረዋል፤ የባሌና የአድአ ገበሬ ግን ዱረም ያበቅላል። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ስለዚሁ ስንዴ የሚደክሙ ሰዎች አሉ። በመካከላችን ያሉ የኬሚስትሪ፣ የእርሻና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ሩቅ አይሂዱ። ከገበሬው ማሳ እስከ ካፌያችን ሰሃን ያለው መንገድ ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ወንድማችን የተማረው ትምህርትም ከሚፈለገው አንዱ ነው።

ከምግብ ቤቱ ስንወጣ እሱን አንድ ቀን ካፌ መጥቶ ከእኛ ጋር ምሳ እንዲበላ ጋብዘነዋል። እሺ ብሏል። ቀኑን ግን እስካሁን አልቆረጥንለትም፤ ማካሮኒው እስኪስተካከል ድረስ አፍረናል።