ረፍታችንና የባቡሩ እንፋሎት

የዛሬው ሐሳቤ ስለ ረፍት ሰዓት ነው። ግን የምጀምረው ከባቡር ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

በቀደም በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቲቸር «ሌት ኦፍ ስቲም» የሚል አባባል ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። ቃል በቃል «እንፋሎት ማስወጣት» ማለት ነው። እኛ «የምን እንፋሎት? ሻይ ነው እንዴ?» ብለን ሳቅን። ለካ ሰው ንዴቱን ወይም ጭንቀቱን ሲያስተነፍስ ነው እንደዚያ የሚሉት። እኛስ «ተናገርኩና ወጣልኝ» እንል የለ?

አባባሉ የመጣው ከእንፋሎት ሞተር ነው። ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። በብረት በርሜል ውስጥ ከተዘጋበት ቦታ ስለሌለው ብረቱን ይገፋል። ባቡሩን የሚያስኬደው ይኸው ግፊት ነው። ሲበዛ ግን በርሜሉን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ትርፉን እንፋሎት የምታስወጣ ትንሽ መክፈቻ ትደረግለታለች። ዴኒስ ፓፒን የሚባል ፈረንሳዊ በ1679 እ.ኤ.አ. አጥንት ሳይቀር በሚያለሰልስ ድስት ላይ እንዲህ ዓይነት መክፈቻ አድርጎ ነበር። ባቡር ገና ሳይኖር፣ ድስት ላይ!

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ «ቤስት ፍሬንድ ኦፍ ቻርለስተን» የሚባል ባቡር ነበር። በሰኔ ወር 1831 እ.ኤ.አ. እሳት የሚያነደው ሠራተኛ የሚወጣው እንፋሎት ሲያፏጭ ጆሮውን አሰልችቶት መክፈቻዋን ዘጋት ይባላል። ፉጨቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ በርሜሉ ፈነዳ፤ ሠራተኛውም ሞተ። ከዚያ በኋላ በሞተሩና በተሳፋሪዎቹ መሀል ጥጥ የተጫነ ፉርጎ ማስገባት ጀመሩ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ስለረበሽን ረፍት ተከለከልን። መረበሻችን እውነት ነው፣ አልክድም። ክፍሉም ወዲያው ጸጥ አለ። ግን አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ክርኔን ቢነካኝ ብድግ ብዬ የሳይንስ ደብተሩን ቀደድኩበት። በሌላ ቀን ቢሆን «ተጠጋ!» ብዬው አልፍ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ረፍት ወጥቼ ኳስ ተራግጬ ቢሆን ኖሮ ግን የማደርገው አይመስለኝም።

አንዳንድ ልጆች ደግሞ ማስተንፈስ ማለት መሳደብና መማታት ይመስላቸዋል። አይደለም! ባቡሩ እንፋሎቱን በሙሉ ቢለቀው አይሄድም። የምትወጣው ትርፏ ብቻ ናት፣ እሷም በተሠራላት ቀዳዳ ነው የምትወጣው። የእኛ ቀዳዳ ደግሞ 15 ደቂቃዋ ረፍት ናት። ገመድ እንዘላለን፣ እንሯሯጣለን፣ እንጮሃለን። አንዳንዱም ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ያወራል፣ እሱም ማስተንፈስ ነው። ቤት ውስጥ ሲከፋን «ሆድ ይፍጀው» ብለን ዝም የምንል ልጆች ብዙ ነን፤ ለእኛ ያቺ ሰዓት ትበልጥብናለች።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ስናጠፋ አትቅጡን አልልም። ከትምህርት በኋላ ክፍል እንጥረግ፣ ሰሌዳ እናጽዳ፣ ችግኝ ውሃ እናጠጣ። ረፍቷን ግን አትውሰዱብን። እኛም ደወል ሲደወል ቶሎ እንግባ፤ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ የምንጨምረው እኛው ነን።

የጓደኛዬን ደብተር በአዲስ ደብተር እየገለበጥኩለት ነው። ገና ምዕራፍ 2 ላይ ነኝ፤ ሥዕሎቹን ግን እሱ ራሱ ልሣል ብሏል።