ቦንጋን ማን ይሣላት?

ሐምሌ 1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1897) ለንደን ይታተም የነበረው ቫኒቲ ፌር መጽሔት አፄ ምኒልክን በባለቀለም ካርቱን ይዞ ወጣ። ከአድዋ ድል ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድም በዚያው ግንቦት ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርሞ ነበር።

ካርቱን መሆን ውርደት ይመስላል። መጽሔቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1869 የቀለም ካርቱን ሲጀምር መጀመሪያ የሣለው የራሱን አገር ሰው፣ ዲዝራኤሊን ነው፤ በሳምንቱ ግላድስተንን አስከተለ። ምኒልክ የገቡት እነዚህ ተርታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ፐንች አፄ ቴዎድሮስን ሲሥል ግን እስረኞች የያዘ ባላንጣ አድርጎ ነበር። የሩቁን ንጉሥ ማሾፍ ምንም አያስከፍልም፤ ከባዱ የራስን ጠቅላይ ሚኒስትር ነው።

በዚያው ክረምት የራስ ወልደጊዮርጊስ ጦር ከፋ ላይ ዘምቷል። መስከረም 1890 ላይ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተያዙ። ዘውዳቸው በአልፍሬድ ኢልግ በኩል አውሮፓ ደረሰ፤ ፊታቸው ግን ቫኒቲ ፌር ላይ አልወጣም። ለለንደን አንባቢ የኢትዮጵያ ሥልጣን ማለት የምኒልክ ግቢ ብቻ ነበር።

ዛሬም የእኛ ካርቱን ከዚህ ብዙ አልራቀም። ስልክ ላይ የሚዞረው አብዛኛው ሥዕል የአራት ኪሎን ሰው ነው የሚያሳየው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ናት። የከፋን ገበሬ የሚነካው ውሳኔ፣ የመሬቱም የመንገዱም የቡናውም፣ ብዙው እዚያው ቅርቡ ይፈረማል። የሚፈርመውን ሰው ማን ሣለው?

ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም። የቫኒቲ ፌር ሠዓልያን በብዕር ስም ይሠሩ ነበር፤ በትልቅ ከተማ ያ ይበቃል። ቦንጋ ላይ ግን ጠዋት የተለጠፈ ሥዕል የማን እጅ እንደሆነ ከቀትር በፊት ይታወቃል። ሠዓሊውና ሹሙ አንድ ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉ፤ የሠዓሊው ወንድም መታወቂያ ሊያሳድስ የሚሄደው እዚያው ቢሮ ነው። እስር እንኳ ባይኖር «ነገ ና» የምትል ቃል ብቻ ብዙ እርሳስ ታስቀምጣለች።

ስለዚህ ስለ ሐሳብ ነፃነት ሲወራ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ብቻ መቆጠሩ ይጎድላል። የሚጠየቀው የዞን ሹም በራሱ ካርቱን ስቆ፣ ሠዓሊውን በማግስቱ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ማስተናገድ ይችላል ወይ ነው። ዲዝራኤሊና ግላድስተን በየሳምንቱ እየተሣሉ አገር ገዝተዋል።