ጥር 13 ሁለት ጊዜ፤ ከመንግሥቱና ከሳላዲን ማን ይበልጣል?

ሳሪስ ወይም ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት የሚያዘወትር ሰው ክርክሩን አሳምሮ ያውቀዋል። የሜሲና የሮናልዶ ነገር አልቆ ወሬው ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ሲዞር ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። ሸበቶዎቹ "ከመንግሥቱ ወርቁ ወዲያ ኳስ ተጫዋች የለም!" ይላሉ። የጀሞና የለቡ ወጣቶች ደግሞ "እናንተም እኮ ከአባቶቻችሁ ነው የሰማችሁት፤ እኛ ሳላን በዓይናችን አይተናል" ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ጩኸት ይከተላል።

ለመሆኑ በብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ቀዳሚው ማን ነው? የቀን መቁጠሪያው ራሱ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። ሁለቱም ትውልዶች የሚታወሱበት ትልቅ ጨዋታ የተካሄደው ጥር 13 ቀን ነው፤ በመሃላቸው ልክ 51 ዓመት አለ።

የመጀመሪያው ጥር 13 በ1954 ዓ.ም የዋለው ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም የ3ኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ። ባዳዊ ግብፅን ሁለቴ መሪ አደረገ። የመጀመሪያዋን ግርማ ተክሌ አቻ አደረጋት። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2ለ2 አደረገና ስታዲየሙን ነፍስ ዘራበት። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ 3ኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ 4ኛዋን አገቡ። 4ለ2፤ ዋንጫዋ እዚሁ ቀረች።

ሁለተኛው ጥር 13 በ2005 ዓ.ም ነው። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም ቀድማ አገባች። በ10 ሰው የቀረው ቡድን ግን አልወደቀም። አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፣ 1ለ1። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ጎል ስታገባ ከ37 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ቁጥር ብቻ ይዳኝ ከተባለ ነገሩ ያለቀ ነው። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል አለው። የካሜሩኑ ኤቶ በ18 ጎል ከሚመራው የምንጊዜም ሰንጠረዥ ላይ ዛሬም ስሙ ከፊተኞቹ ጋር ነው። ሉቻኖ 8 ጎል አለው። ሳላዲን በውድድሩ ዋና ጨዋታዎች ላይ አንድም የለውም።

ይሁን እንጂ ወጣቶቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ1954 የተወዳደሩት 4 አገሮች ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ አዘጋጅ ስለሆነች ማጣሪያ አልነበረባትም፤ ቱኒዚያንና ግብፅን አሸንፋ በሁለት ጨዋታ ዋንጫ አነሳች። በ2005 ግን 16 ቡድን ውስጥ ለመግባት ቤኒንንና ሱዳንን ማለፍ ግድ ነበር። ካርቱም ላይ 5ለ3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ 2ለ0 አሸንፎ ከሜዳ ውጪ ባገባው ጎል አለፈ። አንዷን አዳነ፣ ሌላዋን ሳላዲን አገቡ። የሳላዲን ጎል ባትኖር 1ለ0 አይበቃም ነበር፤ ኔልስፕሩትም ባልታየች። በዚያ ላይ ሳላ በግብፅ፣ በቤልጂየምና በአልጄሪያ ክለቦች ተጫውቷል።

እንግዲህ ሚዛኑ "ቡድኑ ሲጨንቀው ማን ደረሰለት? ለስንት ጊዜስ?" የሚለው ከሆነ ደረጃው እንዲህ ይወጣል። 1ኛ መንግሥቱ፤ በፍጻሜም በተከታዮቹ ውድድሮችም አግብቷልና። 2ኛ ሉቻኖ፤ የ84ኛዋ ደቂቃ ጎል ባትኖር የመንግሥቱ 4ኛዋ ጎል ከየት ትመጣለች? 3ኛ ሳላዲን። 4ኛ አዳነ፤ በቤኒንም፣ በሱዳንም፣ በዛምቢያም ላይ አግብቷል፤ አንዳንዱ ከሳላ ቢያስቀድመው አያስወቅሰውም።

5ኛዋ ወንበር ናት አስቸጋሪዋ። ጌታነህ ከበደ በ2005 ደቡብ አፍሪካን 2ለ1 ስናሸንፍ አግብቷል፣ በ2014 ደግሞ ካሜሩን በተዘጋጀው አፍሪካ ዋንጫ ቡርኪናፋሶ ላይ ደግሟል። ከበፊቱ ትውልድ ሙሉጌታ ከበደን የሚጠሩ ብዙ ናቸው። የጌታነህ ጎል በሞባይል ይታያል፤ ለሙሉጌታ የሚመሰክረው ግን ስታዲየም ገብቶ ያየው ሰው ነው። ክርክሩ እኩል ሜዳ ላይ አይደለም።

ችግሩም እዚህ ጋ ነው። የድሮ ተጫዋቾች ጎል ብዛት ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይለያያል። መንግሥቱ በ2003፣ ሉቻኖም በ2015 ዓ.ም አርፈዋል። በ1954 ስታዲየም የነበረ የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ 80 ገደማ ሆኖታል። ክርክሩን ለማሸነፍ የሚፈልግ የጀሞ ወጣት ሞባይሉን ከመክፈቱ በፊት ሰፈሩ ካሉት ሽማግሌ ዘንድ ይሂድ፤ የሚነግሩትንም በስልኩ ይቅዳ።